የውርስ ገንዘብ ሲደርስዎ የቤት ብድርዎን ይከፍሉበታል ወይስ ያስቀምጡታል? ደረጃ በደረጃ የመወሰኛ መመሪያ

በባንክ የብድር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታትም ሆነ ከዚያ ከወጣሁ በኋላ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአርባው ወይም ከሰማንያው በኋላ፣ የወላጅ ቤት ተሸጦ ወንድምና እህት ድርሻ ድርሻቸውን ሲወስዱ ነው፤ “የአባቴ ድርሻ ደረሰኝ፤ የቤቱን ብድር ልዝጋበት ወይስ ባንክ ይቀመጥ?” ለእያንዳንዱ ጠያቂ በስልክ ከምመልስ ሂደቱን በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ።

መመሪያው የተዘጋጀው አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ወይም በሌላ መኖሪያ ቤት ላይ የብር ብድር ላለበት፣ በየወሩ ገቢ ላለውና በውርስ ጥሬ ገንዘብ ለደረሰው ሰው ነው። በክልል የሚኖሩ ከሆነ ስሌቱ ያው ቢሆንም በደረጃ 6 የምጠቅሰው የቤተሰብ ሕግ የፌዴራሉ በመሆኑ የክልልዎን ሕግ ማየት ይኖርብዎታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የወራሽነት ማረጋገጫ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ክፍፍል ተደርጎ ከሆነም የክፍፍሉ ሰነድ
• የብድር ውልዎ ሙሉ ቅጂ (የመጀመሪያው ገጽ ብቻ አይበቃም)
• ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከባንኩ የወጣ የብድር ሂሳብ መግለጫ፣ ማለትም ስቴትመንት
• ቀሪው የመክፈያ ሰንጠረዥ
• ያገቡ ከሆነ የጋብቻ ምስክር ወረቀት
• ያለፉት ሦስት ወራት የቤት ወጪ፣ በግምት ሳይሆን በጽሑፍ
• ካልኩሌተር እና አንድ ደብተር

ስቴትመንቱን አስቀድመው ያስወጡ። ሰዎች ቀሪ ዕዳቸውን በቃል ሲነግሩኝ ትክክል ሆኖ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ካሰቡት የሚበልጥ ዕዳ ይዘው ይገኛሉ፤ ምክንያቱን በደረጃ 5 ያዩታል።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡ ከሌላ ሰው ጥያቄ ነፃ መሆኑን ያረጋግጡ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 መሠረት ፍርድ ቤት የሚሰጠው የወራሽነት ማረጋገጫ ወራሽ መሆንዎንና ድርሻዎን ያሳያል። የሟች ዕዳ ተከፍሎ ማለቁን ግን አያሳይም። ሕጉ በቁጥር 1014 ላይ ከውርሱ ሀብት የሚከፈለውን በቅደም ተከተል አስቀምጦታል፤ በመጀመሪያ የቀብር ሥርዓት ወጪ፣ ቀጥሎ የውርስ ማጣራትና የአስተዳደር ወጪ፣ ከዚያም ሟች የነበረበት ዕዳ ይከፈላል፤ የቀለብ ዕዳና በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎች ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ ሟች ከባንክ፣ ከመሥሪያ ቤት የብድርና ቁጠባ ማኅበር ወይም ከግለሰብ የተበደሩት መኖር አለመኖሩን፣ ያልተከፈለ የቤት ግብር ወይም የመሬት ኪራይ አለመኖሩን ውርስ አጣሪው ካለ እርሱን፣ ከሌለም ወንድምና እህቶችዎን አንድ ላይ ሰብስበው ይጠይቁ።

ሁለተኛው መጣራት ያለበት ጉዳይ ወራሹ ሁሉ መቆጠሩ ነው። የሟች ልጆች በእኩል ድርሻ እንደሚወርሱ ቁጥር 842 ይደነግጋል፤ ከሌላ እናት ወይም አባት የተወለደ ልጅም ልጅ ነው። የቀረ ወራሽ መብቱንና ሀብቱ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ካወቀ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ሟች ከሞቱ ጀምሮ በ15 ዓመት ውስጥ መክሰስ እንደሚችል በቁጥር 1000 ተመልክቷል። በቤተሰቡ ውስጥ “አንድ ልጅ ነበር ይባላል” የሚባል ወሬ ካለ፣ የዚያን ሰው ድርሻ የሚያህል ገንዘብ አስልተው ሳይነኩ ያስቀምጡ።

ውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም እህት ድርሻውን ለእርስዎ እንደተወ በስልክ ቢነግርዎም አይበቃም። በኤምባሲ የተረጋገጠ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ሰነድ እስኪመጣ ድረስ ያ ድርሻ የእርሱ ነው።

ይህ ደረጃ ከሁሉም የሚቀድመው ወደ ብድር የገባ ገንዘብ ተመልሶ ስለማይወጣ ነው። ባንኩ ክፍያዎን ተቀብሎ ዕዳዎን ከቀነሰ በኋላ “ገንዘቡ የወንድሜ ነበር” ቢሉት የሚመልስልዎ ነገር የለም፤ ከወንድምዎ ጋር የሚፋጠጡት እርስዎ ነዎት።

ደረጃ 2፦ ገንዘቡን በስምዎ ብቻ በተከፈተ አዲስ ሂሳብ ያስገቡ

ደመወዝ የሚገባበት ሂሳብ ውስጥ አያስገቡት። ከትዳር ጓደኛ ጋር በጋራ በተከፈተ ሂሳብም አያስገቡት። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ከደመወዝ ጋር የተቀላቀለ የውርስ ገንዘብ ከጥቂት ወራት በኋላ የትኛው ብር ከየት እንደመጣ ለማሳየት አስቸጋሪ ይሆናል (ይህ ለምን እንደሚጎዳ ደረጃ 6 ላይ አለ)፤ ሁለተኛ፣ በዕለት ሂሳብ ውስጥ ያለ ገንዘብ ሳያስቡት ይመነዘራል።

ገንዘቡ በዚህ ሂሳብ ቢያንስ ሁለት ወር ይቀመጥ። በእነዚህ ሁለት ወራት የሚያጡት የወለድ ልዩነት አነስተኛ ሲሆን ከሐዘን ሳይወጡ የሚወሰን ውሳኔ የሚያስከፍለው ግን ብዙ ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ የሚሸፍነው እስከ 100,000 ብር መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ገንዘቡ ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ከሆነና ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ከአንድ በላይ ባንክ መጠቀም ተገቢ ነው።

ደረጃ 3፦ መጠባበቂያውንና ጥቃቅን ዕዳዎችን አስቀድመው ይቀንሱ

የስድስት ወር የቤት ወጪ ይለዩ። የብድር ክፍያው በወጪው ውስጥ መካተት አለበት፤ ሰዎች አስቤዛውን፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያና ትራንስፖርቱን ቆጥረው ትልቁን ወጪ ይረሱታል። ለምሳሌ ወርሃዊ ወጪዎ ብድሩን ጨምሮ 38,000 ብር ከሆነ መጠባበቂያዎ 228,000 ብር ነው። ገቢዎ ከንግድ ወይም ከኮሚሽን ከሆነ ወደ ዘጠኝ ወር ያሳድጉት።

መጠባበቂያው የሚያስፈልገው እኛ ዘንድ ቤት ውስጥ የገባ ገንዘብ በፍጥነት ተመልሶ ስለማይገኝ ነው። ዛሬ 400,000 ብር ከፍለው ከሦስት ወር በኋላ ለሕክምና 100,000 ብር ቢያስፈልግዎ ባንኩ “ከከፈልከው ላይ ውሰድ” አይልዎትም፤ አዲስ የብድር ማመልከቻ፣ አዲስ የቤት ግምት፣ በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ ያለ አዲስ ወለድና የብዙ ሳምንት ጥበቃ ይሆናል። ባንኩ በያዘው ቤት ላይ ክፍያ ሲቋረጥ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ክርክር በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ዕዳው ከ1,000,000 ወደ 600,000 ብር መውረዱ ከዚህ አያድንዎትም፤ የሚያድንዎት በእጅ ያለ የስድስት ወር ክፍያ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ከቤት ብድሩ የሚከብዱ ጥቃቅን ዕዳዎችን ይዝጉ። በስልክ የሚወሰዱ አጫጭር ብድሮች የአገልግሎት ክፍያቸው በዓመት ሲሰላ ከቤት ብድር ወለድ እጅግ የበለጠ ነው። ከወጣልዎ በኋላ እየከፈሉ ያሉት ዕቁብም ዕዳ ነው፤ ወለድ ስለሌለው ግን ቀድሞ መክፈሉ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ በጊዜው ይክፈሉት እንጂ የውርሱን ገንዘብ አያውሉበት።

ደረጃ 4፦ የብድር ውሉን በአምስት ጥያቄ ያንብቡ

ውሉን ይዘው ተቀምጠው ለሚከተሉት መልስ ይጻፉ።

ሀ. ዓመታዊ ወለዱ ስንት ነው? ውሉ ላይ የተጻፈውንና አሁን ስቴትመንቱ ላይ የሚቆረጠውን ሁለቱንም ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

ለ. ባንኩ ወለዱን መለወጥ ይችላል? አብዛኞቹ ውሎች “ባንኩ እንደአስፈላጊነቱ ወለዱን ማሻሻል ይችላል” የሚል አንቀጽ አላቸው። እንዲህ ከሆነ ዛሬ ያለው ወለድ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል ብለው አያስሉ።

ሐ. ከጊዜው ቀድሞ መክፈል ቅጣት ወይም የአገልግሎት ክፍያ አለው? ካለ በመቶኛ ነው ወይስ በተወሰነ ብር?

መ. ትርፍ የተከፈለ ገንዘብ የሚታሰበው ከምን ላይ ነው? በአብዛኛው ቅደም ተከተሉ መቀጫ፣ ወለድ፣ ከዚያ ዋናው ዕዳ ነው። ያለፈ መቀጫ ካለብዎ ገንዘብዎ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው።

ሠ. ብድሩ የሕይወት መድን አለው? ካለውና እርስዎ በሕይወት ባይኖሩ ቀሪውን ዕዳ መድን ድርጅቱ የሚከፍል ከሆነ፣ “ለልጆቼ ዕዳ እንዳላወርስ” በሚል ብቻ መቸኮል አያስፈልግም።

የወሰዱት ከወለድ ነፃ አገልግሎት ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በሙራባሃ (ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በሚሸጥልዎ አሠራር) የተገዛ ቤት ላይ የተስማሙት በወለድ ሳይሆን በተቆረጠ የሽያጭ ዋጋ ነው፤ ቀድመው ቢከፍሉ ቀሪው ትርፍ በራሱ አይቀንስም። ቅናሽ ማድረግ በባንኩ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ቅናሹን በጽሑፍ ሳያገኙ ገንዘቡን አይልቀቁ፤ ቅናሽ ከሌለ የቀጣዩ ደረጃ ስሌት ለእርስዎ አይሠራም፤ ገንዘቡን ይዘው በጊዜው መክፈሉ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ስሌቱን ይሥሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ውሳኔው ያለው እዚህ ነው። ምሳሌው እንዲህ ይሁን፤ ቀሪ ዕዳ 1,000,000 ብር፣ ወለድ 15 በመቶ፣ ቀሪ ጊዜ 12 ዓመት ወይም 144 ወር። የደረሰው ውርስ 700,000 ብር ነው፤ 228,000 ለመጠባበቂያ፣ 72,000 ለጥቃቅን ዕዳ ሲቀነስ 400,000 ብር ቀርቷል። የወለዱን ቦታ በራስዎ ቁጥር ይተኩ።

በዚህ ብድር ወርሃዊው ክፍያ 15,009 ብር ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ወር ይመልከቱ፤ 1,000,000 በ15 በመቶ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል የወሩ ወለድ 12,500 ብር ይሆናል። ስለዚህ ከከፈሉት 15,009 ብር ውስጥ ዕዳውን የቀነሰው 2,509 ብር ብቻ ነው። “ስንት ዓመት ከፍዬ እንዴት ይህን ያህል ቀረ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። በዚህ አካሄድ እስከ 144ኛው ወር ድረስ ቢቀጥሉ የሚከፍሉት ወለድ ብቻ ወደ 1,161,000 ብር ይደርሳል።

400,000 ብሩን ከዋናው ዕዳ ላይ ከቀነሱ ሁለት ምርጫ ይቀርብልዎታል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሳያውቁ ወደ ባንክ አይሂዱ።

ምርጫ አንድ፦ ወርሃዊው ክፍያ 15,009 ብር እንደሆነ ይቀጥላል፣ ጊዜው ያጥራል። በመጀመሪያው ወር ወለዱ 7,500 ብር ስለሚሆን 7,509 ብር ከዋናው ዕዳ ይቀንሳል፤ ከበፊቱ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ብድሩ በ56 ወር፣ ማለትም በ4 ዓመት ከ8 ወር ያልቃል። ጠቅላላ ወለዱ ወደ 237,000 ብር ይወርዳል፤ የቀረልዎ ወለድ 924,000 ብር ገደማ ነው።

ምርጫ ሁለት፦ ጊዜው 144 ወር እንደሆነ ይቀጥላል፣ ወርሃዊው ክፍያ ወደ 9,005 ብር ይወርዳል። በየወሩ 6,004 ብር እፎይታ ያገኛሉ፤ የሚቀርልዎ ወለድ ግን 464,500 ብር ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያው ግማሽ ያህል መሆኑ ነው።

አሁን “ባስቀምጠውስ?” ወደሚለው ይምጡ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። 400,000 ብር በ7 በመቶ በዓመት 28,000 ብር ያስገኛል፤ ባንኩ ከዚህ ላይ ግብር ቀንሶ ነው ቀሪውን የሚያስገባልዎ። ያው 400,000 ብር ዕዳ ሆኖ ሲቀመጥ ደግሞ በዓመት 60,000 ብር ወለድ ይጠይቅዎታል። ስለዚህ በአንድ እጅ ቁጠባ፣ በሌላው ዕዳ ይዘው በሚያሳልፉት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ32,000 ብር በላይ ይከስራሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ 924,000ን ከ28,000 ጋር አያወዳድሩ። አንዱ የ12 ዓመት ድምር ነው፤ ሌላው የአንድ ዓመት። ትክክለኛው ንጽጽር የዓመት ከዓመት፣ ማለትም የብድሩ ወለድ በመቶኛ ከቁጠባው የተጣራ ወለድ በመቶኛ ጋር ነው።

“የዋጋ ንረቱ ዕዳዬን ይበላልኛል” የሚል መከራከሪያ

ይህን የሚሉ ሰዎች የሚያነሡት ነገር መሠረት አለው። የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በነበረባቸው ዓመታት በብር የተያዘ ዕዳ በእርግጥ ቀልሏል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣም በብር የተበደረ ሰው አልተጎዳም። ነገር ግን ንረቱ ዕዳውን ሲበላ በቁጠባ ሂሳብ ያለውን 400,000 ብርም በእኩል ይበላዋል። ንረትን ምክንያት አድርጎ ዕዳን አለመክፈል ትርጉም የሚኖረው ገንዘቡን ዋጋው አብሮ በሚወጣ ነገር ላይ ሲያውሉት ነው። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ “ንረቱ ይረዳኛል” ማለት የስሌት ስህተት ነው፤ በእኔ ልምድ ይህን መከራከሪያ ከሚያነሡት አብዛኞቹ ገንዘባቸውን ያኖሩት በቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ነው።

ደረጃ 6፦ ያገቡ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት የገንዘቡን ምንጭ በማስረጃ ያስሩ

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 57 መሠረት ከጋብቻ በኋላም ቢሆን በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ሀብት የተቀበለው ሰው የግል ሀብት ነው። ከዚያ ሀብት የሚገኘው ገቢ፣ ለምሳሌ የባንክ ወለዱ፣ ግን በአንቀጽ 62 የጋራ ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ በትዳር ውስጥ ያለ ሀብት ሁሉ፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን ካላስረዳ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ሦስቱን አንድ ላይ ሲያነቡ የሚገኘው ውጤት ይህ ነው፤ የእናትዎ ውርስ በሂሳብዎ ውስጥ እያለ የእርስዎ ነው፣ የጋራ ቤቱን ዕዳ ሲከፍሉበት ግን ወደ ጋራ ሀብት ይገባል፤ ወደፊት ፍቺ ወይም ሞት ቢመጣ ያንን ያህል ከግልዎ እንደወጣ የማስረዳቱ ሸክም በእርስዎ ላይ ይወድቃል።

ብዙዎች ይህን ለማስቀረት ባልና ሚስት ተፈራርመው ወረቀቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። ይህ አይበቃም፤ በአንቀጽ 73 መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም። ስለዚህ ገንዘቡ ከፍተኛ ከሆነ ከጠበቃ ጋር ተማክረው ስምምነቱን ለፍርድ ቤት ያቅርቡ። ቢያንስ ቢያንስ ገንዘቡ ከውርስ ሂሳቡ በቀጥታ ወደ ብድር ሂሳቡ ይተላለፍ፤ በጥሬ ገንዘብ አውጥተው አያስገቡት። የዝውውሩን ደረሰኝና የወራሽነት ውሳኔውን አያይዘው ያስቀምጡ።

ይህን ማለቴ ባለትዳሮች ይጠራጠሩ ለማለት አይደለም። ገንዘቡን ለጋራ ቤት በስጦታ መስጠት ከፈለጉ ይስጡ፤ ሳያውቁት እንዳይሰጡ ነው።

ደረጃ 7፦ ይወስኑ

በደረጃ 5 ያገኟቸውን ሁለት መቶኛዎች ጎን ለጎን ይጻፉ።

የብድሩ ወለድ ከቁጠባው የተጣራ ወለድ በ3 የመቶኛ ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ የሚበልጥ ከሆነ ከመጠባበቂያው የተረፈውን ለብድሩ ይክፈሉ። ዛሬ ከንግድ ባንኮች በመደበኛ ወለድ ቤት የገዛ ሰው በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ይገባል። ሥራዎ አስተማማኝ ከሆነ ምርጫ አንድን፣ ካልሆነ ምርጫ ሁለትን ይውሰዱ፤ ምርጫ ሁለትን ወስደው በደኅና ወራት በፈቃድዎ ትርፍ መክፈልም ይቻላል።

ልዩነቱ ከ3 የመቶኛ ነጥብ በታች ከሆነ እኔ ማስቀመጡን እመርጣለሁ። የሚያጡት ጥቂት ወለድ ገንዘቡን በፈለጉ ጊዜ የማግኘት ዋጋ ነው ብለው ይቁጠሩት።

የብድሩ ወለድ ከተቀማጩ የሚያንስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የባንክ ሠራተኛ ሆነው በሠራተኛ ወለድ የተበደሩ ከሆነ፣ ቀድመው አይክፈሉ። ገንዘቡን በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ያኑሩት፤ የዚህ ወለድ በድርድር የሚወሰን በመሆኑ ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቀው ያወዳድሩ። የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነዶችም ሌላ አማራጭ ናቸው። አንድ ጥንቃቄ ግን አይርሱ፤ የሠራተኛ ወለድ ሥራውን ሲለቁ ወደ መደበኛው ሊቀየር ስለሚችል ለመልቀቅ ካሰቡ ስሌቱን በአዲሱ ወለድ ይድገሙት።

ደረጃ 8፦ ክፍያውን በደብዳቤ ይፈጽሙ

ይህን ደረጃ የተማርኩት በራሴ ላይ በደረሰ ስህተት ነው። ብድር ክፍል ሠርቼ እንኳ 180,000 ብር በመስኮት አስገብቼ፣ ደረሰኜን ተቀብዬ፣ ዕዳዬ ቀነሰ ብዬ ወጣሁ። ከሰባት ወር በኋላ ስቴትመንት ሳወጣ ገንዘቡ በመክፈያ ሂሳቤ ውስጥ ቁጭ ብሎ በየወሩ 8,200 ብር ብቻ ሲቆረጥለት እንደነበር አየሁ፤ 122,600 ብሩ እዚያው ነበር። ሥርዓቱ የሚያውቀው “የዚህን ወር ክፍያ ውሰድ” የሚለውን ብቻ ነው፤ ሌላ ትዕዛዝ አልሰጠሁትም ነበር። የሰባት ወር ወለድ ከፍዬበታለሁ።

ስለዚህ ወደ ቅርንጫፉ ሲሄዱ ሦስት ነገር የያዘ ማመልከቻ ይዘው ይሂዱ፦ የብድር ሂሳብ ቁጥሩን፤ “የተጠቀሰው ገንዘብ ከዋናው ዕዳ ላይ እንዲቀነስ” የሚል ዓረፍተ ነገር፤ “ወርሃዊ ክፍያው ሳይለወጥ ጊዜው እንዲያጥር” ወይም “ጊዜው ሳይለወጥ ወርሃዊ ክፍያው እንዲቀንስ” የሚል ምርጫ። በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። ክፍያውን የወሩ መደበኛ ክፍያ በተቆረጠ ማግስት ቢያደርጉት የተጠራቀመ ወለድ አነስተኛ ስለሚሆን ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ዋናው ዕዳ ይገባል።

በሳምንቱ ተመልሰው አዲስ የመክፈያ ሰንጠረዥ ይጠይቁ። በሰንጠረዡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለው ቀሪ ዕዳ እርስዎ ካሰሉት ጋር ካልተቀራረበ ከብድር ሠራተኛው ጋር ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ይዩት፤ “ሲስተሙ ያስተካክለዋል” የሚል መልስ አይቀበሉ።

ደረጃ 9፦ ብድሩ ሙሉ በሙሉ ካለቀ መያዣውን ያስለቅቁ

ዕዳ ማለቁና ቤቱ ከመያዣ ነፃ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከባንኩ ዕዳ እንደሌለብዎ የሚገልጽ ክሊራንስና ለይዞታ አስተዳደር የተጻፈ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ ይቀበሉ፤ ደብዳቤውን ራስዎ ወይም ባንኩ ማድረሱን ይለዩ፤ ከዚያ በማኅደሩ ላይ እግዱ መነሣቱን በአካል ሄደው ያረጋግጡ። ባንኩ ዘንድ የነበረውን ዋናውን ካርታና ውል ፈርመው ይረከቡ፤ የካርታውን ቁጥርና የቤቱን ቁጥር ካለዎት ፎቶ ኮፒ ጋር እዚያው መስኮቱ ላይ ያመሳክሩ። በባንኩ ስም ተጠቃሚነት የተገባ የእሳት መድን ካለም መድን ድርጅቱ ተጠቃሚውን ወደ እርስዎ እንዲያዞር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አለበለዚያ አደጋ ቢደርስ ካሳው የሚጻፈው ዕዳ በሌለብዎት ባንክ ስም ይሆናል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ውርሱ ገና ሳይከፈል ለባንኩ ቃል መግባት። የቤት ሽያጭ ስም ሳይዛወር ለወራት ሊጓተት ይችላል፤ በእጅ ባልገባ ገንዘብ የተገባ ቃል መቀጫ ያስከትላል።

የመጨረሻዋን ብር ሳይቀር መክፈል። ብድሩን ለመዝጋት 20,000 ብር ስለጎደለ ከመጠባበቂያው የሚነካ ሰው በብዛት አያለሁ። ያቺን 20,000 በሁለት ወር ደመወዝ ይዝጓት።

ብድሩ እያለ ውርሱን ለዘመድ ማበደር። ለዘመድ ያበደሩት ገንዘብ ወለድ የለውም፤ የእርስዎ ዕዳ ግን በዓመት 15 በመቶ ወለዱን በየወሩ እያሰላ ይቀጥላል። መርዳት ከፈለጉ የሚሰጡትን መጠን ከስሌቱ በፊት ለይተው በስጦታ ይስጡ።

ያለፈ መቀጫ እያለ ትርፍ መክፈል። አስቀድመው መቀጫው በምን ምክንያት እንደመጣ ይጠይቁ፤ አንዳንዴ በመክፈያ ሂሳቡ ውስጥ ሁለት ሦስት ብር በመጉደሉ ብቻ የተመዘገበ ሆኖ በማመልከቻ ሊሰረዝ ይችላል።